አማቴን በአራት ጎማ ወደ ወላይታ

ከወላይታ ከተመለስን ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ መኪናዋ ብቻ ነው። «እውነት አራቱም ጎማ ይጎትታል?» ይሉኛል። ስለ አማቴ ስለ አቶ አንጁሎ እግር የሚጠይቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለእግራቸው ነው እንጂ መኪና ላሽከረክር ብዬ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰውም ቢሆን ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ ጭቃው አይነካውም።

የባለቤቴ የማርታ አባት ከሶዶ ወዲያ፣ በዴሳን አለፍ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ክረምቱ ሳይገባ የቤታቸውን ክዳን ሲያድሱ ከላይ ወድቀው ቀኝ ጭናቸው ተሰበረ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የደረሱት በቡና ጭነት መኪና፣ በጆንያ መሀል ተኝተው ነበር። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ራሳቸውን እንደሳቱ ማርታ አሁንም እያነሣች ታለቅሳለች። ክረምቱን በሙሉ ሆስፒታል ከረሙ። ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙ እኔንና ማርታን ለብቻችን ጠራን። «አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን ገና ለጋ ነው» አለን። «አንድ ክፉ ንጠት ቢያገኘው እዚያው ላይ ይሰበራል። ሁለተኛ ከተሰበረ ደግሞ ይህ ሰው በእግሩ ይሄዳል ብላችሁ አታስቡ።»

ትንሽ ይሰንብቱ ብንላቸው እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። «ጊፋታ ደረሰ» አሉ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከእኛ መስቀል ጋር ይቀራረባል። የቤቱ አባት በሌለበት ጊፋታ ቢገባ እዚያ አገር ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም፤ ብቻ አቶ አንጁሎ እህል እስከ መተው ደረሱ። በአውቶቡስ እንዳንወስዳቸው ጉልበታቸው አይታጠፍም። በጭነት መኪና የሚለውን ማርታ መስማትም አልፈለገችም።

እኔ የምሠራው መኪና በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ፣ በመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። መኪናን የማውቀው ተበታትኖ መደርደሪያ ላይ ነው። ብሎኑን ሁሉ በስሙ እጠራዋለሁ፤ ተገጣጥሞ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን እንደማንኛውም ሰው ልቤ ይመታል። በዚያ ሰሞን አንዲት አዲስ ዓይነት መኪና መጥታ ግቢያችን ቆማ ነበር። እስከ ዛሬ አራቱም ጎማ የሚጎትት ሲባል የምናውቀው የወታደር ጂፕን ነው። ጭቃ አይበግረውም፤ የተሳፋሪውን ኩላሊት ግን ቦታ ያስለቅቃል። ቀጥሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጣ፤ እሱም ለዕቃ እንጂ ለሰው የታሰበ አልነበረም። ይህችኛዋ ከላይ ስትታይ የቤት መኪና ናት፤ አራት በር፣ ስፖንጅ መቀመጫ፣ ንጠት የሚቀንስ ለስለስ ያለ ባሌስትራ አላት። ከሥር ግን የጂፕ አንጀት ነው ያላት። ሁለቱን ለማጋባት መሐንዲሶቹ ብዙ ዓመት ደክመዋል ይላሉ። እኔን የማረከኝ የኋላው መቀመጫ ነው፤ ሰው እግሩን እስከ ጥግ ዘርግቶ ይቀመጥበታል።

አሠሪዬን ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ ነጋዴነቱም ግን አይረሳውም። «ውሰዳት፤ በደረስክበት ከተማ ሁሉ ለሰው አሳይልኝ። እንዳትቧጭራት!» አለኝ። ስለ መኪናዋ መቧጨርም፣ ስለ አቶ አንጁሎ ጭንም እየተጨነቅሁ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ጎረቤቶቻችን አቶ አንጁሎን ከነፍራሻቸው ብድግ አድርገው ኋላ መቀመጫ ላይ አስቀመጡልን። ማርታ በጥጥ የተሞላ ትራስ ከጭናቸው ሥር ጎዘጎዘች፤ ሁለቱን ምርኩዞቻቸውን ከጎናቸው አጋደመች። እኔ አማተብኩ። እነሱ ጴንጤዎች ስለሆኑ ዐይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ጸሎታቸው ረዘመና ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ።

እስከ ሞጆ አስፋልት ነው፤ የሚወራ የለውም። ከዚያ ወዲያ ፒስታው፣ ጠጠሩ ጀመረ። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንገዱን በመቀመጫዬ ነበር የማየው ብል ውሸት አይደለም። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር «አባባ?» እላለሁ፤ እሳቸው «አለሁ» ይላሉ። አውቶቡስ አለፈን፣ የጭነት መኪና አለፈን፣ መቂ አካባቢ ደግሞ አንድ ጋሪ ሊያልፈን ምንም አልቀረው። አቶ አንጁሎ አማርኛቸው የሶዶ ገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም። «ልጄ፣ መኪናው ታማለች እንዴ? ሰው ለቀብር እንኳ ከዚህ ይፈጥናል» አሉኝ። ማርታ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም።

ዝዋይን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከግራር ሥር የፍየል መንጋ ድንገት መንገድ ገባ። ፍሬኑን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። መኪናዋ ቆመች፤ ከኋላ ግን አንድ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ። «አባባ?» አልኩ። ማርታ ዞራ ስታይ ፊቷ ነጣ። አቶ አንጁሎ ሁለት እጃቸውን የፊት መቀመጫው ላይ ተክለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸውን መለሱና «አለሁ፤ ፍየሎቹስ ደኅና ናቸው?» አሉ። ወርጄ መንገድ ዳር ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ፍጥነቴ አልተናገረኝም።

ሻሸመኔ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ያረፍንበት ሆቴል እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ሆቴል ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ከመጠጥ መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል፣ አልጋው ግን መሀሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ሐኪሙ «ጠንካራ ነገር ላይ ይተኛ» ብሎ ነበር። ይህን ለሆቴሉ ባለቤት ነገርኳት፤ ወፈር ያለች ቆፍጣና ሴት ናት። ወደ ጓዳ ሄደችና መዶሻ ይዛ ተመለሰች። የወጥ ቤቷን በር ከማጠፊያው ነቅላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ ከፍራሹ ሥር አነጠፈችልን። «በሩስ?» ብላት «የኔ ወጥ ቤት ምን ይሰረቅበታል? ድመት ነው የሚገባው፣ እሱንም አውቀዋለሁ» አለች። እኛ ሰፈር ለጎረቤት መሰላል ለማዋስ እንኳ ስንት ጊዜ እንደምናንገራግር ትዝ አለኝና አፈርኩ። አቶ አንጁሎ በዚያ በር ላይ እንደ ሕፃን ተኙ።

ሁለተኛው ቀን

አላባ ሳንደርስ ዝናቡ ያዘን። እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የኋላ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነው።

አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ቢጎትት በደረቅ መንገድ ላይ ጎማው ይበላል፣ የማርሹ ጥርስም ይጎዳል። ስለዚህ የፊቶቹ ጎማዎች ለጊዜው እንዲያርፉ ተደርጓል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ላይ፣ በእጅ የሚዞር ክብ ነገር አለ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ተቀርጿል፤ አንዱ «ፍሪ» ሌላው «ሎክ» ይላል። «ፍሪ» ላይ ሲሆን የፊት ጎማው ከሞተሩ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ዝም ብሎ ይከተላል። «ሎክ» ላይ ሲሆን ከሚያሽከረክረው ብረት ጋር ይጣበቅና ይጎትታል። ከዚያ ውስጥ ሆነህ አንድ ማርሽ ታስገባለህ፤ ያኔ አራቱም ይሠራሉ። እንግዲህ ጭቃ በመጣ ቁጥር ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ጎማ ሥር ይንበረከካል ማለት ነው። ወንበሩን ስፖንጅ ያደረጉ ሰዎች ይህን ነገር እንዴት እንደረሱት አልገባኝም።

ወርጄ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ ሁለቱንም «ሎክ» ላይ አዞርኩ። ማርሹን አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመካኒክ ጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ እኔ ግን ሊያስለቅሰኝ ደርሶ ነበር። አንድ አውቶቡስ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ ተሳፋሪዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይገፋሉ፤ የእኛዋ በጎናቸው ቀስ ብላ፣ ሳትነጥር፣ ሳትወላውል አለፈች። «አባባ?» ስል ከኋላ መልስ የለም። ዞሬ ሳይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከሞጆ ጀምሮ ተወጥሮ የነበረው ትከሻዬ ያን ጊዜ ወረደ።

የብላቴን ድልድይ ተሻግረን ወደ ላይ መውጣት ስንጀምር አገሩ መልኩን ለወጠ። በእኛ በኩል ጭቃ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅም ይረሳሃል። የወላይታ አፈር ቀይ ነው፣ ከልብስህ ጋር አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ቤቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ተከቦ፣ ፊት ለፊቱ በከብት የተጋጠ አረንጓዴ መስክ አለው። እኛ አጥር አጥረን፣ በሩን ዘግተን፣ በቀዳዳ መንገደኛ እናያለን። እዚህ ግን መኪና ሲያዩ ከነሥራቸው ወጥተው እጅ ይነሣሉ።

ቦዲቲ ስንደርስ ገበያ ነበር። ለአሠሪዬ የገባሁትን ቃል ላድርስ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። በቅጽበት ተከበብን። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ፣ ቀና ብለው ስፖንጅ መቀመጫውን አዩ፣ እንደገና ጎንበስ አሉ። «ይቺ ጂፕ ነው የቤት መኪና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለቱንም ናት አባቴ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቅሎ ናት በለኛ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አሠሪዬም አይጽፍም። ይህን ስናወራ አንዷ ሴት አቶ አንጁሎን በመስኮት አይታ አወቀቻቸው፤ «ሳሮ! ሳሮ!» እያለች በወላይትኛ ሰላም ብላ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ወዲያ የመኪናዋ ነገር ቀረና ሁሉም ስለ ጭናቸው ይጠይቅ ጀመር። አንድ ሰው ሙዝ አመጣ፣ ሌላው ቦዬ የሚሉትን የተቀቀለ ሥራሥር በቅጠል ጠቅልሎ አቀበለን። እኔን እንግዳውን ማንም ዘወር ብሎ አላየኝም፤ ግን እጄ ሁሉ ሙዝ ሆነ።

ወደ ማታ ሶዶ ገባን። የዳሞታ ተራራ ጫፉ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ያረፍነው በአቶ አንጁሎ የወንድም ልጅ በላሊሶ ቤት ነው። ላሊሶ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሰው ለመርዳት የሚቸኩል ወጣት። ምን እንደሚያደርግልኝ ጠፍቶት እግሬን ሊያጥብ ተነሣ፤ በግድ አስተውኩት። ራት ላይ ቆጮ በቅቤ መጣ፣ ከጎኑ ዳጣ የሚሉት አረንጓዴ የተፈጨ ቃሪያ። እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፣ በርበሬ ያስፈራኛል ብዬ አላውቅም። ጥቅልል አድርጌ ጎረስኩ። ከዚያ ለውሃ እጄን ዘረጋሁ። ላሊሶ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚነካው በጫፍ ነው» አለኝ፤ ዘግይቶ ቢሆንም ልክ ነበር።

ከመተኛቴ በፊት ሁለቱን ሞዞዎች አየኋቸው። ነገም ጭቃ ስለሆነ «ሎክ» ላይ እንዳሉ ተውኳቸው።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ስወጣ መኪናዋን አላወቅኋትም። ላሊሶ ከኔ ቀድሞ ተነሥቶ ከላይ እስከ ታች አጥቧታል። መስታወቱ፣ ፓርፋንጎው፣ ጎማው፣ ብሎኑ ሁሉ ያበራል። «እንደገና ጭቃ ልትገባ ምን አደከመህ?» ስለው «አጎቴ ለጊፋታ ሲገባ በቆሸሸ መኪና ይግባ?» አለኝ። እሱም ለመንገዱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ከዕቃው ጋር ኋላ ገባ። መንገዱን ሊያሳየን ነው።

ከሶዶ እስከ በዴሳ ያለውን መንገድ በደረቅ ወራት ያየ ሰው መንገድ ነው ሊለው ይችላል። ያን ቀን ግን ሌሊቱን የዘነበው ገና አልመጠጠም። ቢሆንም አብዛኛው ዳገቱ ላይ ጠጠር አለው፣ ቀስ እያልን በዴሳ ደረስን። ከበዴሳ ወደ መንደራቸው ስንወርድ ግን አንድ ረባዳ ቦታ አለ፤ መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። አቶ አንጁሎ ከሩቅ አይተው «እዚያ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ይታይሃል? እሱ የኔ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

ማርሹን ወደ አራት ጎማው አስገባሁና ተማምኜ ገባሁ። የመኪናዋ ርዝመት ያህል ሄድን። ከዚያ ቆመች። ነዳጅ ሰጠኋት፤ የኋላው ጮኸ፣ ጭቃ ወደ ሰማይ ረጨ፣ ቂጧ ወደ ግራ ዞሮ ሰመጠ። መኪናዋ ስታጋድል አቶ አንጁሎ ወደ በሩ ተንሸራተቱ። ማርታ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ዘላ ወደ ኋላ ገባችና እግራቸውን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘች።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ አየሁ። የኋላ ጎማዎች እስከ ግማሽ ገብተዋል። የፊቶቹ ግን ያን ሁሉ ስታገል ጭራሽ አልተነቃነቁም፤ ሳይሰምጡ ተቀምጠዋል። ማርሹን አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። የኋላው ብቻ ይዞራል፤ እሷም ይበልጥ ትሰምጣለች። እንግዲህ አንድ ነገር ተሰብሯል አልኩ። የፊቱ ዲፈረንሻል ይሆናል፣ ወይም ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ። ሁለቱም አዲስ አበባ፣ የኔ መደርደሪያ ላይ፣ በወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክፉ ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም። ሰውዬው ቤታቸውን እያዩ ነው፤ እኔ ደግሞ መሀል ረግረግ ውስጥ አጋድሜ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከማዶ እርሻ ላይ በደቦ ያርሙ የነበሩ ሰዎች አይተውን መጡ። አቶ አንጁሎ መሆናቸውን ሲያውቁ መኪናዋን መግፋት ትተው በወላይትኛ ከሳቸው ጋር መነጋገር ጀመሩ። ማርታ ተረጎመችልኝ፤ በቃሬዛ እንሸከማቸው ነው የሚሉት። ሁለት ሰዎች ወዲያው እንጨት ሊቆርጡ ሄዱ። ጭቃውን አየሁት። እነሱ ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ሁለቴ የተንሸራተቱበት ነው። አንድ ሰው እግሩ ቢከዳው ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያለው ነው የሚሆነው።

«አባባ፣ እንዲህ አይሆንም» አልኩ።

«ሌላ ምን አለ?» አሉ አቶ አንጁሎ። «እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው። ከጣሉኝም እነሱ ይጣሉኝ። አንተ አትዘን፣ መኪናው ታማለች፣ ሰው አይደለህም አልተባልክም።» ቀስ ብለው እግራቸውን ከማርታ እጅ ሊያወጡ ሞከሩ። እሷ አልለቅም አለች።

በዚህ መሀል ላሊሶ ሱሪውን ሰብስቦ በፊት ጎማው አጠገብ ቆሟል። ያጽናናኝ መሰለውና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህም ተመስገን ነው» አለኝ። «ጠዋት ቁልፉን ባልከፍተው ኖሮ እስከዚህስ መቼ እንደርስ ነበር?»

«የምን ቁልፍ?» አልኩት።

«የጎማውን ነዋ። ሳጥባት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ተቆልፈው አገኘኋቸው። ሌሊት ለሌባ ቆልፈህ ጠዋት ረስተኸው ይሆናል ብዬ ‹ፍሪ› ላይ አደረግሁልህ። ስትተኛ ደክሞህ ነበር፣ ልቀሰቅስህ አልፈለግሁም።»

አየሁት። ፊቱ ላይ መልካም ሥራ የሠራ ሰው ደስታ ነበር።

«ላሊሶ» አልኩት፣ «ማን ንካ አለህ?»

«‹ሎክ› እኮ ቆልፍ ማለት ነው ጋሼ» አለኝ፤ አስተማሪነቱ መጣበት። «‹ፍሪ› ነፃ ማለት ነው። የተቆለፈ ጎማ እንዴት ይዞራል?»

የማስታውሰው ጭቃው ላይ ቁጭ ማለቴን ነው። ከዚያ ሳቅ ያዘኝ። ሰዎቹ ያበድኩ መስሏቸው ሸሹኝ። ማርታ በመስኮት «ምን ሆንክ አንተ?» ብላ ጮኸች። «አልተሰበረም!» አልኳት። «ምንም አልተሰበረም! ላሊሶ ነው የከፈተው!» ደስታዬን በምን ልግለጸው? መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ ዲፈረንሻሉም ዘንጉም ደኅና ናቸው፤ ልቆጣው የሚገባኝን ልጅ አቅፌ ሳምኩት። ሸሚዙ ላይ ሁለት የእጄን ዱካ አተምኩበት።

እሱ ግን ገና አልገባውም። «በሬ ጠምደህ አታውቅም?» አልኩት። «ነፃ የሆነው በሬ ከጎን እየሄደ ሣር ይግጣል እንጂ አያርስም። ‹ሎክ› ማለት ጎማውን ቀንበር ውስጥ ማስገባት ነው።» አቶ አንጁሎ ይህን ሰምተው ለሰዎቹ በወላይትኛ ነገሯቸው። ረባዳው በሳቅ ተሞላ። አንዱ ላሊሶን እያሳየ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ማርታ ልትተረጉምልኝ አልፈቀደችም።

ላሊሶ ፊቱ ደም መሰለ። ክራቫቱን አውልቆ ኪሱ ከተተና ከነሙሉ ልብሱ ተንበረከከ። አንደኛውን ሞዞ እሱ፣ ሁለተኛውን እኔ አዞርን። የእሱ ጭቃ ስለገባበት እምቢ ቢለው በጥርሱ ነክሶ ሊያዞረው ምንም አልቀረው። ሰዎቹ ለቃሬዛ የቆረጡትን እንጨት ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አነጠፉልን። ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባሁ፣ እግሬን ከፍሪሲዮኑ ላይ ቀስ አድርጌ አነሣሁ።

የፊት ጎማዎች ነከሱ። መኪናዋ መጀመሪያ ትንሽ ተነፈሰች፣ ከዚያ እንደ ሰው ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ንጠት የለ፣ ጩኸት የለ። እየተሳበች፣ እየተሳበች ጠንካራው መሬት ላይ ወጣች። ሰዎቹ እልል አሉ። «አባባ?» አልኩ፣ ዞሬ ለማየት ፈርቼ። «አለሁ፣ አለሁ፣ ንዳ!» አሉኝ።

ከተመለስኩ በኋላ ይህን ለአሠሪዬ ነገርኩት። የሳቀውን ያህል ስቆ ሲያበቃ ከውጭ የመጣለትን የመኪና መጽሔት አሳየኝ። እዚያ ባሕር ማዶ መሐንዲሶች የሚሠሩት አለ፤ ዝቅ ያለች የከተማ መኪና፣ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ የሚጎትት፣ ሹፌሩ ወርዶ የሚያዞረው ቀርቶ የሚጎትተው ማርሽ እንኳ የሌላት። ደረቁንም እርጥቡንም ራሷ ታውቀዋለች አለኝ። ይሁን፣ ይምጣ። ያን ጊዜ እንደ ላሊሶ ያለ ቸር ሰው የሚነካው ነገር አይኖርም። ለኔና ለአቶ አንጁሎ ግን በጉልበት ተንበርክኮ የሚዞረውም በቅቶናል።

ቤታቸው ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ከኋላችን በእግሩ እየተከተለ ነበር። የማርታ እናት ከደጃፉ መስክ ላይ ቆመው ጠበቁን። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የኋላውን በር ከፈቱና ጎንበስ ብለው፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ የባላቸውን ጭን ከጉልበት እስከ ላይ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው ለማርታ አንድ ቃል ተናገሩ። «ቀጥ ያለ ነው አለች» አለችኝ ማርታ፤ እሷ ራሷ ግን እንባዋ ይወርድ ነበር።

ሰዎቹ አቶ አንጁሎን ተሸክመው ሊያስገቡ ሲሉ ከለከሏቸው። ምርኩዞቻቸውን ተቀብለው መስኩን በራሳቸው አቋረጡ። እኔ ከኋላ ቀረሁ፤ መኪናዋን ከሣሩ ላይ ማንሣት ነበረብኝ፣ እጄንም መታጠብ ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን አረማመድ ቆሜ ለማየት ድፍረት አልነበረኝም።

ቆይቼ ስገባ ቤቱ ሞልቷል። እንሰት ቅጠል ተነጥፏል፣ ሰው በየአግዳሚው ተቀምጦ ያወራል። አቶ አንጁሎ ከምሰሶው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው ነበር። እኔን ከበሩ ላይ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቋረጡ። ምርኩዞቹን አላነሡም። ምሰሶውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቀኝ እግራቸውን ከመሬት አስነክተው፣ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ኖር» አሉኝ።

ሽማግሌ ለልጁ ባል አይነሣም፤ በእኛም አገር በእነሱም አገር። «በእግዜር፣ ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ!» ብዬ ልደግፋቸው ሮጥኩ። በእጃቸው ቦታዬን አሳዩኝ። እኔ እስክቀመጥ ድረስ አልተቀመጡም።